«ሁሉም ያስለቅሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

ሰላም። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እስካሁን ያነበብኳቸው ሁለት የኩዊር ልብ ወለዶች ሁለቱም በሞት ነው ያለቁት። ኮሚክም፣ ግጥምም፣ የሥዕልና የፎቶ መጽሐፍም አለ ይባላል። ከየት ልጀምር? ሁሉም ያስለቅሳል ወይ?» ነው ያሉት። (ኩዊር የሚባሉት የራሳቸውን ፆታ የሚያፈቅሩ፣ ወይም «ወንድ» እና «ሴት» በሚለው ክፍፍል የማይወሰኑ ሰዎች ናቸው።) ስምዎን ስላልጻፉ በአንቱታ ልቀጥል። ወንድ ይሁኑ ሴት አላወቅኩም፤ አንቱታ ደግሞ ይህን አይጠይቅም። ወደ ታች እመለስበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሁሉም አያስለቅስም። እኔ ግን እነዚህን መጻሕፍት በለቅሶ አልመድባቸውም። ለማን እንደሚናገሩ ነው የማየው። አንዳንዱ መጽሐፍ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስላል። ሰዎቹ ጨዋ መሆናቸውን፣ ማንንም አለመበደላቸውን ሲያስረዳ ገጹ ያልቃል። በመጨረሻም አንዱን ይገድለዋል፤ ዳኛው እንዲያዝን። ሌላው ደግሞ ዳኛ መኖሩንም ረስቷል። ስለ ቤቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ያወራል። እርስዎ የገጠመዎት የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል።

ዳኛ ስል የምር ዳኛ ነበር። በ1928 እንግሊዝ ውስጥ የራድክሊፍ ሆል «ዘ ዌል ኦፍ ሎንሊነስ»፣ ሴት ስለምታፈቅር ሴት የሚተርክ ልብ ወለድ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጸያፍ ነው ተብሎ ቅጂዎቹ እንዲወገዱ ተፈረደ። አንብቤዋለሁ። ጸያፉ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት ልመና ነው፤ ረጅም፣ ከባድ ልመና። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ዉልፍ «ኦርላንዶ» ወጣ። ኦርላንዶ ወንድ ሆኖ ይተኛል፤ ሴት ሆና ትነቃለች። ከ300 ዓመት በላይም ትኖራለች። ይህንን ማንም አልከሰሰውም። ዉልፍ እየቀለደች ነው የጻፈችው፤ የማንንም ይሁንታ አልጠየቀችም። አንዱን መጽሐፍ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ሌላውን ሁለት ቀን።

ለጥያቄዎ መልሴ ግን «በኮሚክ ይጀምሩ» ነው። ልብ ወለድ «አፈረ» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ኮሚክ አንገቱን የደፋበትን ያሳያል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ሳጥን ቀና ሲል ያሳያል። ማስረዳት አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው የጃፓናዊው ገንጎሮ ታጋሜ «የወንድሜ ባል» ይሁን። እስቲ ርዕሱን በአማርኛ ጮክ ብለው ይበሉት። ጆሮ አንዴ ይደናቀፋል አይደል? መጽሐፉ በሙሉ ስለዚያ መደናቀፍ ነው። ያይቺ ሴት ልጁን ካናን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ነው። መንታ ወንድሙ ሞቷል። አንድ ቀን የወንድሙ ባል፣ ማይክ የሚባል ግዙፍ ካናዳዊ፣ በሩን ያንኳኳል። ያይቺ በሆዱ የሚጮኸው ሌላ ነው፣ በአፉ የሚለው ሌላ፤ ታጋሜ ሁለቱንም ይስላቸዋል። ካና ግን አጎት አገኘሁ ብላ ትፈነድቃለች። ሞት አለበት፤ ግን ሰውየው የሞተው ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ነው። የቀረው የኗሪዎቹ ኑሮ ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ማይክ ለካና መልስ የሚሰጥባቸው ገጾች አንዳንዴ የክፍል ትምህርት ይመስላሉ። ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እኔ እንደ ለመድኩት ከግራ ጀምሬ፣ ሦስት ገጽ ከሄድኩ በኋላ መጨረሻውን እያነበብኩ መሆኔ ገባኝ።

ሁለተኛው የአሊሰን ቤክዴል «ፈን ሆም» ነው፤ በ2006 የወጣ። ስለ አባቷ ነው። አስከሬን የሚያሰናዳ፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ አሮጌ ቤት ሲያድስ የሚውል ሰው። እሷ ለወላጆቿ «ሌዝቢያን ነኝ» (ሴቶችን የማፈቅር ሴት ነኝ) ብላ ጻፈችላቸው። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ወንዶችን ይወድ እንደነበር ከእናቷ ሰማች። ከዚያ በ1980 መኪና ገጭቶት ሞተ፤ ራሱ አስቦበት ይሁን አደጋ ይሁን፣ ልጅቷ መጽሐፉን ሙሉ ትጠይቃለች። «ኧረ ይኼም በሞት!» እንዳይሉኝ። እዚህ ሞቱ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይነገርዎታል። ሊያስለቅስ የተደበቀ ነገር የለም። ደጋግማ የምትዞረው ያልተነጋገሩበት ጊዜ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ጽሑፉን ብቻ ተከትዬ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ምንም አላነበብኩም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ጊዜ ሥዕሉን ብቻ አየሁ። ጽሑፉ ይቀዘቅዛል፣ ይራቀቃል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ልጅቷ አባቷን በሩቅ ትሰልላለች። ቤክዴል ሥራው ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። እያንዳንዱን ሰው ለመሳል ራሷ በዚያ አኳኋን ቆማ ፎቶ ትነሳ ነበር። አባቷንም ለመሳል እንደ አባቷ ቆማለች ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ መጽሐፉ ሌላ ሆነብኝ።

«ጀንደር ኩዊር» የሚለውን የማያ ኮባቤ ግለ ታሪክ፣ እሱም ኮሚክ ነው፣ ሰምተው ይሆናል። በ2019 ወጣ፤ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ይውጣልን የሚል ቅሬታ በብዛት የቀረበበት መጽሐፍ እሱ ነበር። የተጮኸበትን ያህል አይጮህም። ዝምተኛ፣ ትንሽ ዓይን አፋር መጽሐፍ ነው። የአሊስ ኦስማን «ሃርትስቶፐር» የተባለው ኮሚክ ደግሞ ለደከመዎት ቀን ነው። ጣፋጭ ነው፤ እኔ ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ ጣፋጩ በዛብኝ።

አሁን ወደ አንቱታው። ኮባቤ ራሳቸውን «እሱ»ም «እሷ»ም አይሉም። በእንግሊዝኛ ለዚህ ተብለው የተፈጠሩ አጫጭር ተውላጠ ስሞችን ይጠቀማሉ። ስለ እሳቸው በአማርኛ ለመጻፍ ስቀመጥ ጭንቅ ያዘኝ። የኛ ግስ «መጣ» ወይ «መጣች» ካላለ አይንቀሳቀስም። ከዚያ አንቱታ ትዝ አለኝ። «ኮባቤ መጡ፣ ሳሉ፣ ጻፉ።» አለቀ! በአክብሮት በኩል መውጫ ነበረን። «እኔ» ላይም ፆታ የለም። እስካሁን የጻፍኩትን መለስ ብለው ይዩት፤ ወንድ ልሁን ሴት አያገኙም።

ይህን ያነሳሁት ግጥም ስለጠየቁ ነው። የኩዊር ግጥም ብዙ ጊዜ እዚህ ሰዋስው ላይ ነው የሚኖረው። የጥንቷን ግሪክ ባለቅኔ ሳፎን ይውሰዱ። ሙሉ ሆኖ ደረሰን ለማለት የሚያስደፍረው አንድ ግጥሟ ነው፤ ለፍቅር አምላኳ ለአፍሮዲት የምትጸልይበት፣ 28 መስመር። የምታፈቅረው ሰው ሴት መሆኗ የሚታወቀው 24ኛው መስመር ላይ ባለች የአንዲት ቃል መጨረሻ ነው። ያቺን ፊደል ያንሱና ሚስጥሩ ይጠፋል። የቀረው ግጥሟ ቁርጥራጭ ነው። አን ካርሰን በ2002 ባሳተመችው ትርጉም ፓፒረሱ (ግጥሙ የተጻፈበት የጥንት የደንገል ወረቀት) የተቀደደበትን ቦታ በቅንፍ አሳይታለች። ገጹ ላይ ሁለት ቃልና ባዶ ቦታ ያገኛሉ። መጀመሪያ ገንዘቤን የተበላሁ መሰለኝ። አሁን ከሁሉ ብዙ ጊዜ የምገልጠው እሱን ነው።

ካቫፊ ደግሞ አለ። እስክንድርያ ውስጥ በመስኖ መሥሪያ ቤት ለ30 ዓመት ያህል የሠራ ግሪካዊ። በሕይወት እያለ የግጥም መጽሐፍ ለገበያ አላወጣም፤ ግጥሞቹን በብጣሽ ወረቀት እያሳተመ ለወዳጆቹ ያድል ነበር። ሙሉ መድብሉ በ1935 ወጣ፤ እሱ በ1933 ሞቷል። የግሪክ ግስ ከኛው በተለየ ፆታ አይለይም። ስለዚህ በአንዳንዶቹ የፍቅር ግጥሞቹ ውስጥ የተወደደው ሰው ማን እንደሆነ ሳይናገር ያልፋል። አንዱን ለራሴ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «አየሁት» ልበል «አየኋት»? «አየኋቸው» ብል ፍቅረኛ ሳይሆን የቤተ ክህነት ሰው ሆነብኝ። እርግጥ ለቁልምጫ ወንድን «አንቺ»፣ ሴትን «አንተ» እንላለን፤ ምናልባት መንገዱ በዚያ በኩል ይሆናል። ገና አልጨረስኩትም።

ልብ ወለዱን እንዳይተዉት እንጂ እዚያ ብዙ አልቆይም። የጄምስ ቦልድዊን «ጆቫኒስ ሩም» (1956) በሞት ያልቃል፤ ካነበቧቸው ሁለቱ አንዱ ይህ ከሆነ አይገርመኝም። ብዙ ሰው እንደ አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ያነበዋል። ለእኔ የፈሪ ሰው ታሪክ ነው፤ ተራኪው ለራሱ ሲዋሽ ሌላ ሰው ይጠፋል። በዚያ ዓይን ደግመው ያንብቡት። ሳይሞት የሚያልቅ ካሻዎት የኢ.ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» አለ። በ1913 እና በ1914 ጻፈው፣ መጨረሻው ደስታ እንዲሆን ቆርጦ። ያኔ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ማሳተም አደጋ ነበር፤ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ነው። ሲነበብ ትንሽ ይደርቃል። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1952 በብዕር ስም ያወጣችው «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» የተሻለ ይነዳል፤ የሚዋደዱት ሁለቱ ሴቶችም ይተርፋሉ።

የቀረው የሥዕልና የፎቶ መጽሐፍ ነው። ካቫፊን ከወደዱት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ለ14 ግጥሞቹ የሠራቸውን የመስመር ሥዕሎች ይፈልጉ። የታተሙት በ1967 አካባቢ ነው፤ እንግሊዝ በወንዶች መካከል ያለን ግንኙነት በከፊል ከወንጀል ያወጣችው በዚያው በ1967 ነበር። ቀጭን መስመር፣ ብዙ ነጭ ወረቀት፣ አልጋ ላይ ሁለት ወንዶች። ግጥሙን አያብራሩም፤ ከጎኑ ይተኛሉ።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን የደቡብ አፍሪካውን የዛኔሌ ሙሆሊን «ፌስስ ኤንድ ፌዝስ» ነው። ሙሆሊም አንቱ ናቸው። ከ2006 ጀምሮ ጥቁር ሌዝቢያኖችንና ትራንስ ሰዎችን (ሲወለዱ ከተባለላቸው ፆታ የተለየ ፆታ ያላቸውን) በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያነሳሉ። በ2014 የወጣው መጽሐፍ ከ200 በላይ ፊት ይዟል። ሁሉም ቀጥ ብለው ያዩዎታል። የሚያለቅስ የለም፤ የሚለምንም የለም። ፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ አሁን ለሌሉ ወይም ገና ላልተነሱ ሰዎች።

ይህን በስልክ አይዩት፤ ፊቶቹ የጥፍር ያህል ይሆናሉ። በአንድ ጊዜም አይጨርሱት። እኔ ጠረጴዛ ላይ ገልጬ እተወዋለሁ። በየቀኑ አንድ ገጽ ነው የምገልጠው። አሁን 63ኛው ሰው ላይ ነኝ።