ልጄ መኝታ ቤት መግባት ለምን ጠላ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንዱ ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ብርድ ልብሱን እየጎተተ ራሱ ወደ ፍራሹ የሚሄድ ልጅ ነበር። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ግን የመኝታ ቤቱን በር ገና ሲያይ ይጮኻል፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አልወርድም ይላል። እንቅልፍ የሚወስደው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሌሊትም እየባነነ ይፈልገኛል። ቀን ቀን ይጫወታል፣ ይበላል፣ ትኩሳትም የለውም። ጎረቤቶቼ “ዓይን በልቶት ነው” ይላሉ፤ አንዷ ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ አስቆርጪለት ብላኛለች። አብራው ታድር የነበረችው ሞግዚቱ በቅርቡ ወደ አገሯ ወደ ወሎ ስለሄደች አሁን የምትጠብቀው እናቴ ናት። ደግነቱ ስትሄድ አልተረበሸም፤ እንዳያለቅስ ብለን ተኝቶ ሳለ ነው የወጣችው። እኔም ሰርቪስ የምይዘው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ30 ስለሆነ ሳይነቃ እወጣለሁ። ልጄ ምን ሆኖብኝ ይሆን?
እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱ “ደግነቱ” ብለሽ በጀመርሽው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የሚያመው ነገር እንደሌለ እናረጋግጥ።

እንጥሉን ማንም እንዳይነካው! በሕፃናት ክፍል ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንጥላቸው በምላጭ ተቆርጦ ደማቸው አልቆም ያለ ሕፃናትን በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ። ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ቢሆንም በዚህ ነገር አትስሚያት።

ጆሮውን ግን ጤና ጣቢያ ወስደሽ አሳዪ። ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ከነበረ ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ቀን ቆሞ ሲሯሯጥ ብዙም ሳይሰማው ይውልና ጋደም ሲል ያመዋል፤ ትኩሳት ስለሌለው ብቻ ጆሮው ደኅና ነው አይባልም። እጅሽን ታጥበሽ የኋላ ድዱንም ዳስሺ፤ የመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች የሚወጡት ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ሌሊት መቀመጫውን የሚያክ ከሆነ ደግሞ ከተኛ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ በባትሪ ተመልከቺው። ክር የሚያህሉ ነጫጭ ትሎች እንቁላላቸውን ለመጣል የሚወጡት ልጁ ሲተኛ ነው። በእንክብል ይድናል፤ ግን መላው ቤተሰብ አብሮ መውሰድ አለበት።

ይህን ሁሉ አድርጊ። ሆኖም የታመመ ጆሮ በአብዛኛው የሚያስለቅሰው ጋደም ሲባል ነው። ያንቺ ልጅ የሚጮኸው ገና በሩን ሲያይ ነው።

እስቲ ነገሩን በእርሱ ቦታ ሆነሽ እዪው። በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ያለችው፣ ሌሊት ሲገላበጥ ድምፁን የምትሰማ ልጅ ነበረችው። አንድ ቀን ተኛ፤ ሲነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። ማንም ምንም አላለውም። በየማለዳው ሲነቃ ደግሞ አንቺም የለሽም። የሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ይማራል? ዓይኔን ስከድን ሰው ይጠፋል ብሎ ነዋ። ስለዚህ አይከድንም።

እኔ ራሴ፣ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ የታማሚ ልጆችን እናቶች “ሲተኛ ቀስ ብለሽ ውጪ” እያልኩ እመክር ነበር። ያ ሌሊት በጸጥታ ያልፋል። በማግስቱ ግን ያው ልጅ እንቅልፍ እያንገላጀጀው የአልጋውን ብረት ይዞ በሩን ሲጠብቅ ያመሻል። ተነግሯቸው፣ ተሰናብተው የተለያዩት አምርረው ያለቅሱ ነበር፤ ማታ ግን ይተኛሉ። ያን ካየሁ በኋላ ያን ምክር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ዛሬ ማታ ስሟን ጥሪለት። እርሱ በሚጠራት ስም፣ “አገሯ ሄደች፤ እናቷ ጋ ናት፤ ትወድሃለች” በዪው። ፎቶዋ ስልክሽ ላይ ካለ አሳዪው፤ ከተቻለም ደውላችሁ ድምፇን ይስማ። የማትመለስ ከሆነ ግን ለማባበል ብለሽ “ነገ ትመጣለች” አትበዪ። ከዚያ፣ “ጠዋት ቀስቅሼህ ቻው ብዬህ ነው የምሄደው” በዪውና በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ በእርግጥ ቀስቅሺው። ያለቅሳል። አንቺም ሰርቪስ ውስጥ ሆነሽ ሆድሽ ይባባል፤ አውቃለሁ። እናትሽ መስኮቱ ጋ አቅፋው መኪናው ሲሄድ ያሳየው። ማታ ስትመለሺ ደግሞ “አየህ፣ መጣሁ” በዪው። እስኪረጋጋ ድረስ ፍራሹ አጠገብ ተቀምጠሽ አስተኚው፤ ከአንቺ ጋር ቢያድርም አንዳች ነውር የለውም።

እናትሽን በአክብሮት ሁለት ነገር ጠይቂያት። አንደኛው፣ ቀን እስከ ስንት ሰዓት ይተኛል? በዚህ ዕድሜ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የቀኑን ጨምሮ የሚያስፈልገው ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ነው። አሳዝኗት እስከ 11 ሰዓት ካስተኛችው ምሽት 2 ላይ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ወደ 9 ሰዓት ግድም ትቀስቅሰው። ሁለተኛው፣ “ተኛ፣ ጅብ መጣ” ትለው እንደሆነ ነው። እኛም በዚሁ አድገናል፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የሰማውን በዓይነ ሕሊናው መሣል የጀመረ ልጅ ጅቡን ጨለማው ውስጥ ያየዋል። ተረቷን ትንገረው፤ ጅቡን ትተወው። እንቅልፍ ያመጣል የሚባል የጉንፋን ሽሮፕም እንዳትሰጪው።

ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ታገሺ። እስከዚያ ካልቀለለለት፣ ወይም ምግብ ካስጠላውና ከከሳ፣ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ልጅቷ አዲስ አበባ የምትመጣበት ቀን ካለ ደግሞ ቤታችሁ ጥሪያትና አብራችሁ ቡና ጠጡ። ስትሄድም ነቅቶ፣ በር ድረስ ወጥቶ፣ እጁን እያወዛወዘ ይሸኛት።