መልስ፦ ግሪዱ ላይኛው ፎቅ ላይ ለምን ጠፋ?

ሰላም ወንድሜ። ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) ላይ ግሪዶችህ፣ ማለትም የዓምዶችን ቦታ የሚያመለክቱት መስመሮች፣ ታች ፎቆች ላይ እየታዩ፣ በኋላ የጨመርከው 5ኛ ፎቅ ፕላን ላይ ግን የሉም ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የግሪዱ ቁመት አለመድረሱ ነው።

ሬቪት ውስጥ ግሪድ ተራ መስመር አይደለም። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከታችም ከላይም ወሰን ያለው ገጽ ነው። ፕላን ላይ የሚታየው ያ ገጽ ፎቁ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። የአንተ ከሥር ቀርቷል።

ኤሌቬሽን (ሕንፃውን ከጎን የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈት። ግሪዱን ምረጥና ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ይዘህ ከ5ኛው ሌቭል (የፎቁ ከፍታ መስመር) በላይ ጎትት። ጫፉ ጋ 2ዲ የሚል ካየህ መጀመሪያ ተጫንና ወደ 3ዲ ቀይረው፤ አለበለዚያ የምታስተካክለው ያንኑ ቪው (የከፈትከውን ሥዕል) ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ደቡብ ኤሌቬሽን ላይ ሁሉም ግሪዶች አይታዩም፣ ስለዚህ ምሥራቁንም ክፈትና ድገመው።

አልጎተት ካለህ ስኮፕ ቦክስ፣ ማለትም የግሪዱን ወሰን የሚቆጣጠር ሳጥን፣ ተሰጥቶት ይሆናል። ያኔ ሳጥኑን ራሱን ከፍ አድርገው።

እባክህ ፕላኑ ላይ ተራ መስመር ደርበህ አትሳል። ነገ ግሪዱ ሲንቀሳቀስ ያ መስመር አብሮ አይሄድም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሳይት ላይ ይሆናል።

አሁንም ካልታየ ቪዚቢሊቲ ግራፊክስ (ምን እንደሚታይ የሚመረጥበት መስኮት) ውስጥ፣ አኖቴሽን ካቴጎሪስ ሥር፣ ግሪድስ ላይ ምልክት መኖሩን እይ። የአምፖሏን ምልክትም ተጫን፣ የተደበቀ ካለ በቀለም ለይታ ታሳይሃለች። ፋይሉ በቡድን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የግሪዱ ዎርክሴት (ግሪዱ የተመደበበት የፋይሉ ክፍል) ተዘግቶ እንዳይሆን ተመልከት።