ሆዴ ታክሞ ትከሻዬን ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦ በኦቫሪዬ (እንቁላል በሚያመርተው አካሌ) ላይ የነበረ ሲስት (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ከወጣልኝ ሁለት ቀን ሆኖኛል። የሆዴ ቁስሎች ብዙም አላስቸገሩኝም፤ ቀኝ ትከሻዬ ግን፣ በተለይ ቀና ብዬ ስቀመጥ፣ ክፉኛ ያመኛል። የታዘዘልኝን ማስታገሻስ ሲብስብኝ ብቻ ብወስደው አይሻልም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትከሻዎ አልተጎዳም። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሐኪሙ የውስጥ አካላትን አጥርቶ እንዲያይ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ከዚያ የሚቀረው ጋዝ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ዲያፍራምን፣ ያስቆጣል። የዲያፍራም ነርቭና የትከሻን ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ከአንገት አካባቢ በጋራ ስለሚነሱ፣ አንጎል ሕመሙን የትከሻ አድርጎ ይተረጉመዋል። ጋዙ ወደ ደም ተመጥጦ በትንፋሽ ስለሚወጣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፤ እስከዚያው ጋደም ማለትና በየመሃሉ ቀስ ብሎ መራመድ ይረዳል።

ማስታገሻውን በተመለከተ ሐሳብዎን አልደግፍም። ሕመምን መቻል እንደ ጥንካሬ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ያመመው ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይንቀሳቀስም፣ ይህም ማገገምን ያዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በታዘዘልዎ ሰዓት ይውሰዱት። የአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል እንዳለባቸው አይዘንጉ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ አይቡፕሮፌን የተባለውን ማስታገሻ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

የሆድ ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከባሰ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ፣ ሽንት ካስቸገረ፣ አንድ እግር ካበጠ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።