«እኔ አንድም ስድብ አልጻፍኩም»

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 39 ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። በ2024ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ለአንደኛው ዕጩ በበጎ ፈቃደኝነት ቀስቅሻለሁ፤ በር አንኳኩቻለሁ፣ ስልክ ደውያለሁ፣ በፌስቡክ ገጼ ላይ በአማርኛ እየጻፍኩም ብዙ ተከታይ አፍርቻለሁ። አስተባባሪዎቹ ‹ያለ አንተ ሐበሻው ዘንድ መድረስ አንችልም ነበር› ብለውኛል። ታላቅ እኅቴ ግን የሌላው ወገን ደጋፊ ናት። አንድ ቀን በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ‹አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ አዋቂ የሆንከው? ይልቅ ከልጆችህ ጋር ራት የበላኸው መቼ ነው?› ብላ ጻፈችልኝ። ስክሪንሾት አንሥቼ፣ ስሟን ሸፍኜ፣ ‹እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከየቤታችን አይጠፋም› ብዬ ገጼ ላይ ለጠፍኩት። አንዳንዶቹ በአስተያየት መስጫው ላይ ከረር ያለ ነገር ጽፈዋል፤ እኔ ግን ለድጋፋቸው ልብ ከመስጠት በቀር አንድም ስድብ አልጻፍኩም። ፎቶዋን ስላልሸፈንኩት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ለይተዋታል አሉ። ያን ዕለት ከግሩፑ ወጣች፤ ስልኬን አታነሣም፤ የትንሹ ልጄ ክርስትና ላይም አልመጣችም። ደሴ ያለችው እናታችን በደወለች ቁጥር ‹ምን ሆናችሁ ነው?› ትለኛለች። ለፖለቲካ ተብሎ ወንድም ይተዋል? ሰው የተለያየ አቋም ይዞ መኖር እንደሚችል እንዴት ላስረዳት? ፕሮሰስ ጀምራ ወደ አሜሪካ ያመጣችኝም እሷ ናት።»

መልስ፦

ውድ ጠያቂ፣

ረጅሙን ደብዳቤዎን አሳጥሬ ሳቀርብ የደገፉትን ዕጩ ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስሙ ቢወጣ ኖሮ ገሚሱ አንባቢ እርስዎን፣ ገሚሱ ደግሞ እኅትዎን ከመጀመሪያው መስመር ጥፋተኛ አድርጎ ንባቡን እዚያው ይጨርስ ነበር። የሁለታችሁም ወገን ቅሬታ መነሻ እንዳለው አውቃለሁ። የባይደን አስተዳደር ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ሊያስወጣ መወሰኑን ያሳወቀው በኖቬምበር 2 ቀን 2021፣ ቨርጂኒያ ገዥዋን በምትመርጥበት ዕለት ነበር፤ በዚያ ሰሞን በአካባቢያችሁ ያሉ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሲመርጡት ከኖሩት ፓርቲ ተለይተው ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል። ዶናልድ ትራምፕ በኦክቶበር 2020 ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል መናገራቸውን ደግሞ ሌላው ወገን እስከ ዛሬ አልረሳም። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት አቋም መኖሩ የሚያስገርም አይደለም፤ እኅትዎንም ያስገረማቸው አይመስለኝም።

የጠየቁኝ ግን ልክ እንዳስገረማቸው አድርገው ነው። የእኅትዎን መልእክት ደግመው ያንብቡት። ስለ ዕጩዎቹ፣ ስለ ፓርቲዎቹ፣ ስለ ግድቡም ሆነ ስለ አጎዋ አንድ ቃል የለበትም። ሁለት ጥያቄ ጠይቀዋል፤ አንዱ ስለ እርስዎ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ልጆችዎ ነው። እርስዎ ሁለቱንም ሳይመልሱ መልእክቱን የፖለቲካ ተቃውሞ አድርገው አደባባይ አወጡት፤ አሁን ደግሞ ዝምታቸውንም የፖለቲካ ኩርፊያ አድርገው ተርጉመውታል። እኅትዎ የተዉት ወንድማቸውን በአቋሙ ምክንያት ነው የሚለውን መደምደሚያ ከደብዳቤዎ ውስጥ ብፈልግ ላገኘው አልቻልኩም።

እንዲህ ያለ የምርጫ ሰሞን ጠብ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ሰውየው ያን ቃል ሲጽፍ ማንን እያሰበ እንደነበር ነው። እርስዎ በዚያች ሰዓት ለእኅትዎ መልስ አልሰጡም። የእሳቸውን ጥያቄ ይዘው ወደ ተከታዮችዎ ዞሩ፤ ተከታዮችዎም እርስዎ ሊሰሙት የሚፈልጉትን በእሳቸው ላይ ተናገሩልዎ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እኅትዎ ለእርስዎ የሚያናግሩት ሰው አልነበሩም፤ ከሌሎች ጋር ለመግባባት የሚጠቅም ዕቃ ሆነው ነበር። ፎቷቸው አለመሸፈኑን እንደ መዘንጋት አድርገው ጽፈውታል፤ ሊሆንም ይችላል። ይሁንና ስም ለመሸፈን የተጠነቀቀ ጣት ከስሙ አጠገብ ያለችውን ክብ ፎቶ አላየም ብሎ ማመን ለእኅትዎ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ያስቡት።

ከደብዳቤዎ ካሳጠርኩት ክፍል ውስጥ በጣም የወደድኩት ቦታ አለ። ለቅስቀሳ ከመውጣታችሁ በፊት አስተባባሪዎቹ የማይደግፍ ሰው ሲያጋጥማችሁ እንዳትከራከሩ፣ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ቤት እንድታልፉ እንደነገሯችሁ፣ ፌርፋክስ ውስጥ አንዲት አሮጊት በሩን ፊትዎ ላይ ሲዘጉትም «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብለው ከደረጃው እንደወረዱ ጽፈዋል። ያንን የተዘጋ በር ፎቶ አንሥተው «እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከየሰፈራችን አይጠፋም» ብለው ቢለጥፉት ኖሮ አስተባባሪዎቹ ራሳቸው በማግሥቱ ባሰናበቱዎት ነበር። ታዲያ ለማያውቋቸው አሮጊት ያልነፈጉትን ክብር ለእኅትዎ ለምን ነፈጓቸው? ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ደረጃው ላይ የአሮጊቷ ፊት ከፊትዎ ነበር፤ የሚያጨበጭብልዎ ሰው ደግሞ በአካባቢው አልነበረም። ስልኩን ይዘው ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ነገሩ ተገለበጠ። የእኅትዎ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚታይ ሊያዩ አይችሉም፤ ጭብጨባው ግን በየደቂቃው ይቆጠርልዎታል።

የዚህ ጭብጨባ ጉልበት ቀላል አይደለም። ዊሊያም ብሬዲ፣ ሞሊ ክሮኬትና ባልደረቦቻቸው በ2021 ያሳተሙት ጥናት 12.7 ሚሊዮን የትዊተር ጽሑፎችን መርምሮ ነበር፤ ቁጣቸውን ጽፈው ብዙ ላይክና ማጋራት ያገኙ ሰዎች ከዚያ በኋላም ቁጣ ወደ መጻፍ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። በተለይ ትኩረቴን የሳበው፣ በዚህ ሽልማት ይበልጥ የሚቀየሩት ፖለቲካቸው ለዘብ ባለ ሰዎች መካከል ያሉት መሆናቸው ነው። ይህ ማለት ነገሩ የነውጠኞች ብቻ ሳይሆን ትናንት ረጋ ብለው ይጽፉ የነበሩ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎችም ጉዳይ ነው። ማንም አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ እኅቱን አደባባይ አላወጣም፤ ከዚያ በፊት በትንንሽ ነገሮች ሲጨበጨብለት ቆይቷል።

እዚህ ላይ ደብዳቤዎ ያልተናገረውን ልገምት፤ ግምት መሆኑንም ይያዙልኝ። ስለ ቅስቀሳው፣ ስለ ተከታዮችዎና አስተባባሪዎቹ ስለተናገሩት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈዋል። እኅትዎ ወደ አሜሪካ እንዳመጡዎት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ነው፤ እሱም ከሁሉም በኋላ፣ ከጥያቄዎ ቀጥሎ፣ ሳይታሰብ እንደወጣ ቃል ተቀምጧል። የወንድም ፕሮሰስ ከአሥር ዓመት በላይ ወረፋ እንደሚጠበቅበት እርስዎም እኔም እናውቃለን። ያን ያህል ዘመን ተጠብቆ፣ ዋስ ተሆኖለት፣ መጀመሪያ ያረፈው እኅቱ ቤት የሆነ ሰው ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። ለዓመታት ተቀባይ መሆን ደግሞ ምስጋናው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ይከብዳል፤ ከአመስጋኝነቱ ሥር «መቼ ነው እኔም እንደ ትልቅ ሰው የምታየው?» የሚል ድምፅ የማያወጣ ጥያቄ ያድራል። ቅስቀሳው ይህን ሰጠዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ሐሳብዎን ጠየቁ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም አሉ። በዚህ መሀል፣ ይህን አዲስ ማዕረግዎን ከማንም በላይ እንዲያዩልዎ የሚመኟቸው ሴት «ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉዎት።

ቃሉ መራራ ነው፤ ይህን አልክድም። እናትና የአክስት ልጆች ባሉበት ግሩፕ ላይ መጻፉም አግባብ አልነበረም፤ እኅትዎ ቢጠይቁኝ ለእሳቸውም ይህንኑ እነግራቸው ነበር። ነገር ግን የተነካው የዕጩዎ ክብር ሳይሆን የታናሽ ወንድምነትዎ ነው። ያ ሕመም «አሳነሽኝ፤ በልጆቼ ፊት ባዶ እጄን የቀረሁ አስመሰልሽኝ» ተብሎ ቢነገር መልስ ያገኝ ነበር። እርስዎ ግን የፖለቲካ ልብስ አለበሱት፤ በዚህም ራስዎንም ከሕመምዎ ጋር አላገናኙትም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ የራቱ ጥያቄ፣ ይበልጥ የቆረቆረዎት መልሱን ስለሚያውቁት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ባለቤትዎ አንድም ዓረፍተ ነገር አለመኖሩንም አስተውያለሁ፤ በዚያ የቅስቀሳ ወቅት ልጆቹን ማን ሲያስተኛ እንደነበር እኔ አልጠይቅዎትም፤ እርስዎ ግን ራስዎን ሊጠይቁ ይገባል።

«አንድም ስድብ አልጻፍኩም» የሚለውን ቃልዎን ለርዕስ የመረጥኩት ከብዙ የዕጩ ደጋፊዎች አፍ ስለምሰማው ነው። እውነት ነው፣ አልጻፉም። ሆኖም ልብ ሰጥተዋል። እኅትዎ ያን ገጽ ከፍተው ሲያነቡ ከማያውቋቸው ሰዎች ስድብ ይልቅ የሚያዩት ከሥሩ ያለችውን የወንድማቸውን ቀይ ልብ ነው። ተሳዳቢው ነገ ይረሳቸዋል፤ ቀዩን ልብ የሰጠው ግን በእጃቸው የበላ ሰው ነው። በስሙና በገጹ ለአንድ ዕጩ የሚቀሰቅስ ሰው ከኋላው ተከትለው ለሚመጡት ሰዎች አንደበት በሙሉ ተጠያቂ ላይሆን ይችላል፤ በራሱ ገጽ ላይ «ይህ ይብቃ» ብሎ ለመጻፍና የተጻፈውን ለማጥፋት ግን ከእሱ የሚቀርብ ሰው የለም። በነገራችን ላይ ያ ልጥፍ ለዕጩዎ አንድ ድምፅ እንኳ ያስገኘ አይመስለኝም፤ የሳቁት አስቀድመው የወሰኑት ናቸው፤ ያልወሰነ ሰው ካየውም የሚያስበው ስለ ዕጩው ሳይሆን ስለ እኅቲቱ ነው።

አሁን ምን ይደረግ ለሚለው ጥቂት ልበል፤ ቤተሰባችሁን በአንድ ደብዳቤ ብቻ ስለማውቀው የምለውን እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይውሰዱት። ልጥፉን ስለማንሣትዎ ደብዳቤዎ ምንም አይልም። እስካሁን ካለ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ያንሡት። ከዚያ ለእኅትዎ አጭር መልእክት ይጻፉ፤ ምን እንዳደረጉ በስሙ ጠርተው፣ «ግን» ሳይሉ፣ ወደ ግሩፑ እንዲመለሱም ሳይጠይቁ። በደሉ በአደባባይ ስለተፈጸመ ይቅርታውም በገጽዎ ላይ መውጣት ያለበት ይመስላል፤ ሆኖም ይህ እንደገና ጭብጨባ ወደሚሰበሰብበት ትርኢት ሊለወጥ ስለሚችል የእሳቸውን ፈቃድ ሳያውቁ ባያደርጉት ይሻላል። በሚቀጥለው ምርጫ መቀስቀስዎን ይተዉ አልልም፤ የሰው የግል መልእክት ገጽዎ ላይ እንዳይወጣ፣ የተቃወመዎትም ሰው በስሙም ሆነ በፎቶው ለሌላ መሳለቂያ እንዳይሆን ከወዲሁ ከራስዎ ጋር ቢስማሙ ግን በቂ ነው።

ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ለመላክ እንደሚያስቡ እገምታለሁ። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ ሲላክ የተበደለው ሰው ምን እንደተሰማው ሳይናገር፣ የሽማግሌውን ጉልበትና የመስቀሉን ክብር አይቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንዲል ያስገድደዋል። እንዲያ የመጣ ዕርቅ በዓል ላይ ያስስማል፤ ስልክ ግን አያስነሣም። እኅትዎ ለወራት ዝም ሊሉ ይችላሉ። ያ ዝምታ የእሳቸው ነው፤ ላስረዳ፣ ላግባባ ብለው አይግቡበት።

በሚጠባበቁበት ጊዜ ግን ፊት ለፊት የሚያነጋግርዎ የምክር ባለሙያ ዘንድ ቢሄዱ እመርጣለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የጤና መድንዎ ወጪውን ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲሄዱም ስለ እኅትዎ ጠባይ ለማስረዳት ሳይሆን፣ አሜሪካ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ተቀባይ ሆነው ስለመኖርዎና በዚያ ውስጥ ስለዋጡት ነገር ለመነጋገር ቢሆን ይጠቅምዎታል። ከተቻለ ባለቤትዎ በአንዱ ቀጠሮ ላይ ይገኙ።

እናትዎ በደወሉ ጊዜ ደግሞ «በፖለቲካ ተጣልተን ነው» አይበሏቸው። ያጠፉት እርስዎ መሆንዎን፣ ይቅርታ እንደጠየቁና መልስ እየጠበቁ መሆኑን በአጭሩ ይንገሯቸው፤ ለእኅትዎ ደውለው እንዲያግባቡልዎም አይለምኗቸው።