ዓሣው ደህና ነው፤ ቀንድ አውጣዋ ለምን ሞተች?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በጨው ውኃ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ስለሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዓሣ ሲታመም ቶሎ ይታወቃል። ቀለሙ ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ጥግ ይይዛል። ቀንድ አውጣ ግን ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትሞተው። ብዙ ሰው ለገንዳው ጽዳት ብሎ ስለሚገዛትም ልብ የሚላት የለም። እኔ ግን እንደ ዓሣው ሁሉ እሷም እንክብካቤ ይገባታል ባይ ነኝ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሷ ሰጥቻለሁ።

«አሥር ቀንድ አውጣ ገዛሁ። ከነላስቲካቸው ገንዳው ላይ ለሩብ ሰዓት አንሳፍፌ ለቀቅኳቸው። በማግስቱ አራቱን ሞተው አገኘኋቸው። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ውኃዬ ችግር አለበት?»

ውኃዎ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ የምጠረጥረው በላስቲኩ ውኃና በእርስዎ ውኃ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ዓሣ የሰውነቱን ጨው በስንጥቡና በኩላሊቱ እየተቆጣጠረ ይኖራል። ቀንድ አውጣ ይህ አቅም የላትም። በዙሪያዋ ያለው ውኃ ጨው ሲጨምር የሰውነቷ ፈሳሽ ጨውም አብሮ ይጨምራል፤ ሲቀንስም አብሮ ይቀንሳል። ለውጡ ቀስ ብሎ ከመጣ ትችለዋለች። በአንድ ጊዜ ከመጣ ግን ሕዋሶቿ ወይ በውኃ ያብጣሉ ወይ ይጨማደዳሉ። ላስቲኩን ማንሳፈፍ የሚያስተካክለው ሙቀቱን ብቻ ነው። ጨውን አይነካውም።

አንዳንድ ሻጮች ውኃቸውን ከባሕር ውኃ ቀለል አድርገው ይይዛሉ። የላስቲኩ ውኃ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያ መሣሪያ) 1.020፣ የእርስዎ ደግሞ 1.025 ቢሆን ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ለቀንድ አውጣዋ ግን ከባድ ዱላ ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ስድስት የጨረስኳቸው በዚሁ መንገድ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው እንዲህ ያድርጉ። ቀንድ አውጣዎቹን ከነውኃቸው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ። ቀጭን የአየር ቱቦ ከገንዳው አውርደው መሐል ላይ ላላ አድርገው ይቋጥሩት። በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እንዲወርድ ቋጠሮውን ያስተካክሉ። የዕቃው ውኃ ሦስት እጥፍ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚያ የዕቃውን ጨው ይለኩ። ከገንዳው ጋር እኩል ካልሆነ ከውኃው ቀንሰው ጠብታውን ይቀጥሉ። ሰዓትዎን ሳይሆን መለኪያዎን ይመኑ። ሲጨርሱ የላስቲኩን ውኃ ይድፉት፤ ወደ ገንዳው አያስገቡት። ቀንድ አውጣዋንም ከላይ አይጣሏት። በእጅዎ ይዘው እግሯን ወደ ታች አድርገው ድንጋይ ላይ ያስቀምጧት። ለአንድ ቀን ብትደበቅ አይደንግጡ።

«ውኃው በትነት ሲቀንስ ጨው ውኃ አዘጋጅቼ እሞላዋለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደሉም፤ ዛሬውኑ ያቁሙ። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ገንዳው ውስጥ ይቀራል። በጨው ውኃ በሞሉ ቁጥር ጨው በጨው ላይ እየጨመሩ ነው። የተነነውን በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ይተኩ። ጨው ውኃ የሚያስፈልገው ቆሻሻውን ውኃ ቀድተው አውጥተው ሲቀይሩ ነው። ትነቱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መተካት፣ በሳምንት አንዴ ባልዲ ሙሉ ከመገልበጥ በጣም ይሻላል። አሁን ጨውዎ በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አያውርዱት፤ በብዙ ቀናት ከፋፍለው ይመልሱት።

«ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን ቀንድ አውጣዎቼ አንድ በአንድ እየወደቁ ነው። ውኃውን ብመረምር ንጹሕ ነው። መስታወቱም እንደ ብርሌ ጠርቷል።»

መልሱ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ አለ። መስታወቱ ከጠራ የሚበላ የለም ማለት ነው። ቀንድ አውጣዎችዎ እየተራቡ ይመስለኛል።

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ቱርቦ፣ ትሮከስና አስትሪያ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች አልጌ (መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽፋን) በሎች ናቸው። ምላሳቸው እንደ ሞረድ ነው፤ ጥቃቅን ጥርሶች በረድፍ ተደርድረውበታል። አንድ ቀን ማታ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ አልጌ በሸፈነው መስታወት ላይ ስትሄድ ከውጭ በኩል ይመልከቷት። አፏ ይከፈታል፣ ምላሷ ወጥቶ ይልሳል፣ ይመለሳል። ከኋላዋ ወዲያና ወዲህ የተጠማዘዘ ንጹሕ መንገድ ትታ ታልፋለች። ያ መንገድ ከጠፋ፣ ማለትም የሚላስ ካልተረፈ፣ ሥጋዋ ውስጥ ያለውን ስንቅ እየበላች ትቆይና ሳምንታት ቆጥራ ትወድቃለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኖሪ የሚባለውን ቅመም ያልነካው የደረቀ የባሕር አልጌ በትንሹ ቆርጠው በጎማ ላስቲክ ጠጠር ላይ አስረው ማታ ቀንድ አውጣዎቹ አጠገብ ያስቀምጡት። የተረፈውን በማግስቱ ያውጡ፤ እዚያው ከበሰበሰ ውኃ ያበላሻል። የኋላውን መስታወት መፋቅም ይተዉት፤ ግጦሻቸው ነው። ሌላ ደግሞ አይግዙ። «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ቀንድ አውጣ» የሚለውን ቀመር እኔ አላምንበትም። በጥቂቱ ይጀምሩ፤ አልጌው ካሸነፋቸው ያን ጊዜ ይጨምሩ። አዲስ ገንዳ ላይም እንዲሁ ነው። አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ዜሮ ሳይሆኑ፣ ድንጋዩም አልጌ መያዝ ሳይጀምር ቀንድ አውጣ አያስገቡ።

ናሳሪየስ ካለችዎት የእሷ ነገር ለየት ይላል። አልጌ አትበላም፤ ሥጋ ፈላጊ ናት። ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትውላለች። ከላይ የሚታየው እንደ ትንሽ ኩምቢ ያለ መተንፈሻዋ ብቻ ነው። የዓሣ ምግብ ሽታ ሲደርሳት አሸዋውን ሰንጥቃ ትወጣለች። ዓሦቹ ጠራርገው የሚበሉ ከሆነ ለእሷ ቁራሽ ሽሪምፕ ወደ አሸዋው ይጣሉላት።

«አስትሪያዬ በየጠዋቱ በጀርባዋ ወድቃ አገኛታለሁ። ታማ ነው?»

ላይሆን ይችላል። አስትሪያ ጠፍጣፋ አሸዋ ላይ በጀርባዋ ከወደቀች ራሷን መገልበጥ በጣም ያቅታታል። የሚያነሳት ካላገኘች ወይ በረሃብ ትሞታለች ወይ ሸርጣን ይበላታል። ጠዋት ጠዋት ገንዳውን ቃኘት አድርገው ያቅኗት። ቀና አድርገዋት መስታወቱን ሙጥኝ ካለች ደህና ናት። ደጋግማ ከወደቀች ግን ደክማለችና ምግቧንና ጨውን ይመርምሩ። ሌላ ጊዜ ሲገዙ ትሮከስን ቢመርጡ እመክራለሁ። ራሷን ትገለብጣለች፣ ገንዳ ውስጥም ስትዋለድ ታይታለች።

«ዓሣዬ ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ኮፐር (መዳብ) ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣ ባለበት ገንዳ ውስጥ መጨመር እችላለሁ?»

በፍጹም! ዓሣን የሚያድነው የኮፐር መጠን ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። «በኋላ ውኃውን እቀይራለሁ» ብለውም አይጽናኑ። ኮፐር ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ይገባና ቆይቶ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ዓሣውን ወደ ሌላ ገንዳ አውጥተው እዚያ ያክሙት። ያገለገለ ገንዳ ወይም ድንጋይ ከገዙም ቀድሞ ኮፐር ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በመመርመሪያም ያረጋግጡ።

«የቱርቦዬ ዛጎል ነጭ እየሆነ፣ እየተቦረቦረም ነው።»

ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅም) ይለኩ። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ አልካሊኒቲ በመለኪያው አሃድ ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች ቢሆን ጥሩ ነው። ፒኤች ደግሞ 8.1 እስከ 8.4። የተጎዳው የዛጎሉ ክፍል እንደ ድሮው አይሆንም፤ አዲሱ የሚያድገው በአፉ ጠርዝ በኩል ነው። ስለዚህ መሻሻሉን የሚያዩት እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ሽፋን ካዩ ግን አይፋቁት፤ ምንም የማይጎዳ አልጌ ነው።

«ሄርሚት ክራብ (በባዶ ዛጎል የሚኖር ሸርጣን) ቀንድ አውጣ ይገድላል?»

ይገድላል። ሥጋዋን ሽቶ፣ አልያም ዛጎሏን ፈልጎ። የራሱ ዛጎል ሲጠበው ሌላ ቤት ይፈልጋል። በየመጠኑ ባዶ ዛጎሎች ገንዳው ውስጥ ይበትኑለት። ጠቡን ጨርሶ አያስቀርም፤ ያበርደዋል ግን።

«ቀንድ አውጣዬ ሁለት ቀን አልተንቀሳቀሰችም። ሞታ ነው ወይስ አርፋ?»

ያውጧትና አፏ ላይ ያለውን ክዳን በጣትዎ ጫፍ ነካ ያድርጉት። በሕይወት ካለች ክዳኑን ወደ ውስጥ ትስበዋለች፤ ቀስ ብላም ቢሆን። ከሞተች ሥጋዋ ላልቶ ይንጠለጠላል፣ ክዳኑም ይላቀቃል። ካልለየልዎት ያሽትቷት፤ የሞተች ቀንድ አውጣ ሽታ አያሳስትም። አሁንም ከተጠራጠሩ የገንዳው ውኃ ባለበት ኩባያ ውስጥ አስቀምጠው አንድ ሰዓት ይጠብቁ።

ሞታ ከሆነ እዚያው አይተዋት። ትልቅ ቱርቦ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ከበሰበሰች አሞኒያው የቀሩትንም ይዞ ይሄዳል። አሞኒያውን ይለኩ፤ ካለ የውኃውን ሩብ ያህል ይቀይሩ። ዛጎሏን አፍልተው ካጠቡ በኋላ ወደ ገንዳው ይመልሱት። ሄርሚት ክራብ ካለዎት ማታ መጥቶ በእግሮቹ እያገላበጠ፣ የዛጎሉን አፍ እየዳሰሰ ሲለካው ያዩታል።