ኳርተርባኩ ጭንቅላቱን ሲመታ ዳኛው ምን ያያል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ ዘንድሮ በሃይስኩል ቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች፣ ሆኗል። እሁድ እሁድ አብራችሁ ኤንኤፍኤልን፣ የአሜሪካን ፉትቦል ትልቁን ሊግ፣ ስታዩ ግን ግራ ገብቶሻል። አንዱ ነካ ሲደረግ ዳኛው ጥፋት አለ የሚልበት ቢጫው ፍላግ ይወረወራል፤ ሌላው ጭንቅላቱን ተመትቶ ጨዋታው ይቀጥላል። «ዳኞቹ ምን እያዩ ነው? ልጄንስ ማን ነው የሚጠብቅልኝ?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «ሊጉ ለስላሳ ሆኗል፣ ፉትቦል ድሮ ቀረ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ አልስማማም። እዚህ ሜሪላንድ አርብ ማታ የሃይስኩል ጨዋታ ስዳኝ ዓመታት አልፈዋል። ብዙውን ጊዜ የዋና ዳኛውን ነጭ ኮፍያ የማደርገው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሜዳ ውስጥ ሆነው ሲያዩት ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከቦታው ልጀምር። በኤንኤፍኤል ሜዳ ላይ ሰባት ዳኞች አሉ። ኳርተርባኩን የማየት ዋናው ኃላፊነት ግን የአንድ ሰው ነው፤ የባለ ነጭ ኮፍያው ሪፈሪ። እሱ ከኳርተርባኩ ኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚወረውርበት እጅ በኩል፣ ራቅ ብሎ ይቆማል። ጨዋታው ሲጀመር መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ኳርተርባኩን በሚከልሉት ትልልቆቹ ልጆች ላይ ነው። የተቃራኒው ቡድን ተከላካይ እነሱን ጥሶ ሲቀርብ ወደ ኳርተርባኩ ይዞራል። ከዚያ ኳሷ ከእጁ ትወጣለች። ስታዲየሙ በሙሉ፣ ካሜራውም ጭምር፣ ኳሷን ይከተላል። ሪፈሪው አይከተልም። ዓይኑ እዚያው ወርዋሪው ላይ ይቀራል። አዲስ ዳኞች ለመልመድ ከሚቸገሩባቸው ነገሮች ዋናው ይሄ ይመስለኛል። ሰው ሆነሽ የተወረወረ ነገር አለመከተል ቀላል አይደለም። እኛ ደግሞ ኳሷ ስትወጣ «ወጣች! ወጣች!» ብለን እንጮሃለን። ተከላካዩ ሰምቶ እንዲገታ ነው። ኳሷ ከወጣች በኋላ አንድ እርምጃ ይፈቀድለታል። ከዚያ በላይ ሄዶ ከመታ ጥፋት ነው።

አሁን ችግሩን ተመልከቺ። እኔ የቆምኩት ከኋላ ነው። ተከላካዩ የሚመጣው ከፊት ወይም ከጎን ነው። የሄልሜቱ አናት አገጩን ነካው ወይስ ደረቱን? እጁ አንገቱ ላይ አረፈ ወይስ ትከሻው ላይ? ቤት ያለው ሰው በአራት አቅጣጫ፣ ቀስ ተደርጎ ተደጋግሞ ያየዋል። እኔ የማየው አንዴ ነው፤ እሱንም በከፊል። የልጁ ጭንቅላት በድንገት ወደ ኋላ ሲወረወር አያለሁ፤ መነሻውን ግን የተከላካዩ ገላ ይከልለዋል። ድምፅም አይታመንም። የትከሻ መከላከያ ከትከሻ መከላከያ ሲጋጭ ሜዳውን የሚያናውጥ ድምፅ አለው፤ ሕጋዊ ታክል (ይዞ መጣል) ሊሆን ይችላል። አደገኛው የሄልሜት ምት አንዳንዴ «ቷ» ብሎ ያልፋል።

ለዚህ ነው የኤንኤፍኤል ደንብ በግልጽ ያስቀመጠው። ሪፈሪው በኳርተርባኩ ላይ የተፈጸመው ነገር ጥፋት መሆን አለመሆኑን ከተጠራጠረ ፍላጉን ይወርውር ይላል። ቅጣቱ 15 ያርድ (14 ሜትር ገደማ) ነው፤ አጥቂው ቡድን ደግሞ አዲስ የመጀመሪያ ሙከራ ያገኛል፣ ማለትም የማጥቃት ሙከራዎቹን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከባድ ቅጣት ነው፣ ጨዋታ ይገለብጣል። ሰው የሚናደደውም በዚህ ነው። በጥቅምት 2022 የአትላንታው ተከላካይ ግራዲ ጃሬት የታምፓ ቤይን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን ይዞ ጣለው፤ ፍላግ ተወረወረ። በማግስቱ ሰኞ ማታ የካንሳስ ሲቲው ተከላካይ ክሪስ ጆንስ የላስ ቬጋስን ኳርተርባክ ዴሪክ ካርን ጣለ፤ እንዲያውም ኳሷን ከእጁ ነጥቆ ይዟት ነበር፤ አሁንም ፍላግ። ያን ሳምንት አገር ምድሩ ጮኸ። እኔም ሁለቱንም ሳያቸው ከበድ ያለ ፍርድ ነው ብያለሁ። ያም ሆኖ ደንቡ እንዲቀየር አልፈልግም። አንድ ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ይጫወታል። ሳይታይ ያለፈ የጭንቅላት ምት ግን ሰውየው ይዞት ነው የሚኖረው። ስህተት መምጣቱ ካልቀረ በዚህኛው በኩል ይምጣ።

ቪዲዮ ያግዝ ያላችሁ አላችሁ። እያገዘ ነው። በቅርብ ዓመታት ቪዲዮውን መልሶ የሚያየው የሪፕሌይ ክፍል ጭንቅላት እንዳልተነካ በግልጽ ካየ የተወረወረውን ፍላግ ማስነሳት ይችላል። ያልተወረወረውን ግን አያስወረውርም። ለእኔ ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያርመው የሚያበሳጨንን ስህተት ነው፣ የሚጎዳውን አይደለም።

«ለምን ለአንዱ ይወረወራል ለሌላው አይወረወርም?» ላልሽው፣ የካሮላይና ኳርተርባክ የነበረውን ካም ኒውተንን ማንሳት አለብኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ነው፣ ገላው የተከላካዮቹን ያህላል። በመስከረም 2016 የመክፈቻ ጨዋታ ዴንቨር ላይ ጭንቅላቱን ደጋግመው መቱት። መጨረሻ አካባቢ አንድ ፍላግ ወጣ፤ እሱም በኒውተን ቡድን ጥፋት ተሰረዘ። ከጨዋታው አልወጣም። ሊጉ በኋላ የዴንቨር ተጫዋቾችን በገንዘብ ቀጣ። እኔ ያን ጨዋታ ያየሁት እንደ ዳኛ ነው፣ እና ገባኝ። ትልቅ ሰው ሲመታ አይወድቅም። ካልወደቀ ደግሞ ዓይናችን «ምንም አልሆነም» ይለናል። ቀጭኑ ልጅ በትንሽ ምት ሲበር ፍላጉ ይወጣል፤ ግዙፉ ቆሞ ሲቀር አይወጣም። ይህ መድልዎ ነው ብዬ አላምንም፤ የዓይን ድካም ነው። ግን ውጤቱ ያው ነው። ልጅሽ ረጅምና ጠንካራ ከሆነ ይህን እወቂ።

ሌላው ሩጫ ነው። ኳርተርባኩ ኳሷን ይዞ መሮጥ ሲጀምር እንደማንኛውም ሯጭ ይቆጠራል፤ ልዩ ጥበቃው ይቀራል። የሚመልስለት እግሩን አስቀድሞ ተንሸራቶ መቀመጡ ነው። ያኔ «በቃኝ» ማለቱ ስለሆነ ተከላካዩ መታቀብ አለበት። በታኅሣሥ 2024 መጀመሪያ ጃክሰንቪል ላይ የባለሜዳው ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስ እንዲሁ ተንሸራቶ ሳለ የሂውስተኑ ተከላካይ አዚዝ አል ሻይር በክንዱ መታው። ሎውረንስ በጋሪ ተጭኖ ወጣ። አል ሻይር ከሜዳ ተባረረ፣ ሦስት ጨዋታ ታገደ። ልጅሽን የምትመክሪው ነገር ካለ ይሄ ነው፦ ይንሸራተት፣ ግን ቀደም ብሎ። አጠገቡ ሲደርሱበት የሚንሸራተት ልጅ ጭንቅላቱን ልክ ትከሻቸው ካለበት ከፍታ ላይ ያወርደዋል። ተከላካዩ ፈልጎ ባይሆንም መገታት አይችልም።

አሁን ግን ከፍላግ እንውጣ፤ ዋናው ጉዳይ ወዲህ ነው።

የያኔውን የማያሚ ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎአን ታስታውሻለሽ። በመስከረም 25 ቀን 2022 ማያሚ ላይ ከወረወረ በኋላ ገፉት፣ ጭንቅላቱ መሬት መታ። ፍላግ ተወረወረ። ዳኛው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ቱዋ ተነሳ፣ ጥቂት ተራመደ፣ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ጀርባው ነው ተባለና ከእረፍት በኋላ ተመልሶ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ሲንሲናቲ ላይ ታክል ተደርጎ ጭንቅላቱ እንደገና መሬት መታ። ጣቶቹ ተኮማትረው ከፊቱ ፊት ለፊት ደርቀው ቀሩ፤ በቃሬዛ ወጣ። ያኛው ምት ግን ሕጋዊ ነበር፤ ፍላግ የለም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እይ። ፍላግ የወጣበት ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ፍላግ ያልወጣበት ሆስፒታል ገባ። አንጎል ደንቡን አያውቅም። የሳን ፍራንሲስኮው ኳርተርባክ ስቲቭ ያንግ በ1999 አሪዞና ላይ ሲወድቅ ጭንቅላቱ የገዛ ጓደኛውን ጉልበት ነው የመታው። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ያንን በየትኛው ፍላግ ታስቆሚዋለሽ?

ከቱዋ በኋላ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ደንቡን አጠበቁት። አሁን ሚዛኑን ስቶ የተንገዳገደ ወይም አነጋገሩ የተያያዘበት ተጫዋች ምክንያቱ ምንም ይሁን በዚያ ቀን አይመለስም። ትክክል ነው። ዘግይቷል፣ ግን ትክክል ነው።

በሃይስኩል ያለን ኃይል ደግሞ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። ደንባችን የኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ምልክት ያየንበትን ልጅ ወዲያውኑ እንድናስወጣ ያዘናል። ሐኪም መሆን አይጠበቅብንም፤ ማየት ነው የሚጠበቅብን። የኛ ሜሪላንድም ሕግ አለው፤ ልጁ የሚመለሰው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሲፈቅድለት ነው።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርሽ። ኳርተርባኩ ንጹሕ በሆነ ታክል ወደቀ። ተነሳ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ቡድን ክበብ ሄዶ ቆመ። ፊሽካዬን ነፍቼ ሰዓቱን አስቆምኩና አስወጣሁት። አሰልጣኙ «ተደናግሮ ነው፣ ደህና ነው፣ ራሱን ጠይቀው» እያለ ወደ እኔ መጣ። ልጁም «ደህና ነኝ ጌታዬ» አለኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። አንድም ልጅ «አሞኛል፣ አውጣኝ» ብሎኝ አያውቅም። አባትየው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። ልጁ በዚያ ማታ አልተመለሰም። ቡድኑ ተሸነፈ፣ አሰልጣኙ እጄን ሳይጨብጠኝ ሄደ። ነገም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

ስለዚህ «ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?» ላልሽው፣ እኛ ዳኞች የምንችለውን እናደርጋለን፤ ግን አርብ ማታ ብቻ ነው ያለነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልምምድ ላይ ባለ ነጭ ኮፍያ የለም። ለልጅሽ ሁለት ነገር በግልጽ ንገሪው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን ማስጠላት ካለ ቤት ሳይደብቅ እንዲናገር፤ እና በመናገሩ ቦታውን ቢያጣ አንቺ እንደማትቆጪው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። የኛ ልጆች ቤተሰብ ማሳፈር ይፈራሉ፤ ዝም የሚሉትም ለዚያ ነው።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ሄደሽ ጠይቂ። ልምምድ ላይ አትሌቲክ ትሬነር፣ የተጫዋቾችን ጉዳት የሚከታተል የጤና ባለሙያ፣ አለ ወይ? ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱስ ማን አብሮ ይሄዳል? ትሬነሩ «ልጁ ይውጣ» ሲል አሰልጣኙ መሻር ይችላል? ሄልሜቱን ማን ነው ለክቶ የሰጠው፣ ፀጉሩን ሲስተካከል መጠኑ መቀየሩን የሚያይ ሰው አለ? ለሦስተኛው «አይችልም» የሚል ቀጥተኛ መልስ ካላገኘሽ ወደ ርእሰ መምህሩ ሂጂ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የደንቡን ገጽ እልክልሻለሁ፣ ይዘሽው ትገቢያለሽ።