ከኳርተርባኩ ፊት የቆሙት አምስቱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ፉትቦል የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተውብናል፤ ደጋግሞ የሚነሳው ደግሞ የኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም የማጥቃቱ መስመር፣ ጉዳይ ነው። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ኳስ የያዘው ቡድን ከፊት የሚያሰልፋቸው አምስት ግዙፎች ናቸው። መሀል ላይ ሴንተሩ አለ፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ደግሞ ሁለት ታክሎች። ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክ ከተከላካይ ይጠብቃሉ፣ ለሯጩ መንገድ ይከፍታሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ያርድ የምንለው ደግሞ ከሜትር ትንሽ ያነሰ መለኪያ ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ሯጩ ሳኩዋን ባርክሌይ 2023 ላይ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ሲጫወት 962 ያርድ ነው የሮጠው። በሚቀጥለው ዓመት ፊላደልፊያ ኢግልስ ገባና 2,005 ያርድ ሮጠ! ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። ምን ተገኘ? ዕድል ነው ወይስ ይሄ ነጋ ጠባ የምታወሩለት መስመር?
(ነገሩ ያልገባኝ)

መልስ፦ አብዛኛው መስመሩ ነው፣ ወዳጄ። ባርክሌይ ጃያንትስ ቤት ሰነፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እዚያም እያለ 2022 ላይ 1,312 ያርድ ሮጧል። ግን የዓመቱን ድምር ተወውና አንዷን ሩጫ ብቻ እያት። 2023 ላይ ኳስ በያዘ ቁጥር በአማካይ 3.9 ያርድ ይሄድ ነበር። 2024 ላይ 5.8 ሆነ። ጨዋታው ያለው እዚህች ሁለት ያርድ ላይ ነው።

ሁለቷ ያርድ እንዴት እንደምትመጣ ልንገርህ። ኳሱ ሲነሳ ሴንተሩና ጋርዱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አንድ ተከላካይ ላይ ይወድቁበታል፣ ሁለት ለአንድ። ያ ተከላካይ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር አንደኛው ለጓደኛው ትቶለት ይላቀቅና ከኋላ እየሮጠ የሚመጣውን ሁለተኛ ተከላካይ፣ ላይንባከሩን፣ ሊቀበል ይሄዳል። ችግሩ መቼ ይላቀቅ የሚለው ነው። ከቸኮለ የመጀመሪያው ተከላካይ ሾልኮ ሯጩን ገና ኳስ ሲቀበል ያንቀዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ላይንባከሩ ቀድሞ ደርሶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ማንም "አሁን" ብሎ አይነግረውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ብዙ ስለተጫወቱ ብቻ ነው የሚያውቁት።

ይሄ ሲሳካ ሯጩ የመጀመሪያውን ተከላካይ የሚያገኘው ፍጥነት ይዞ፣ ጥቂት ያርድ ከሄደ በኋላ ነው። ሳይሳካ ሲቀር ገና ቆሞ እያለ ይደርሱበታል። ባርክሌይን የመሰለ ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲመጣና ከቆመበት ሲነሳ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የኢግልስ ጄርደን ማይላታ፣ ላንደን ዲከርሰን፣ ካም ጀርገንስ፣ መካይ ቤክተንና ሌን ጆንሰን ያን ዓመት የሰጡት ይህንን ነው። ሁሉንም ክብር ለእነሱ አንስጥ እንጂ፦ ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ራሱ ሯጭ ስለሆነ አንድ ተከላካይ እሱን ሲጠብቅ ይቀራል፤ ይህም ባርክሌይን ጠቅሞታል።

የተገላቢጦሹንም እይ። ዳላስ ካውቦይስ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት የመስመር ተጫዋች በድራፍቱ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) አንደኛ ዙር መረጠ፦ ታይረን ስሚዝ 2011፣ ትራቪስ ፍሬድሪክ 2013፣ ዛክ ማርቲን 2014። ያኔ "ለምን ኮከብ አትመርጡም" ብሎ ያላጉረመረመ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም። 2014 ላይ ሯጩ ዲማርኮ መሪ ከእነሱ ኋላ 1,845 ያርድ ሮጠ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ 8 አሸንፎ 8 ሲሸነፍ የኖረው ቡድንም 12 አሸነፈ። ዲማርኮ በዓመቱ ወደ ኢግልስ ሄደና 702 ላይ ቆመ። በእሱ ቦታ ዳላስ የገባው ዳረን ማክፋደንስ? በ2014 ኦክላንድ ሳለ 534 ያርድ ብቻ ነበረው፤ ዳላስ ሲገባ 1,089 ሮጠ። አቀማመጡም የአጨዋወት ስልቱም ተለውጧል፣ እሺ፤ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ መስመሩ ምንም አላደረገም ማለት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የምንደግፈው ቡድን ኳርተርባክ ጨዋታውን መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚጨርሰው። ወንድሞቼ "ይሄ ሰውዬ ይቀየር" ይላሉ። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የመስመሩ ነው እላለሁ። አስታርቁን።
(ከሦስት ወንድሞቿ ጋር የምትጣላው እህት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጨዋታዎቹን ባላይም ወደ አንቺ አደላለሁ። ለወንድሞችሽ የካንሳስ ሲቲ ቺፍስን ታሪክ ንገሪያቸው።

ፌብሩዋሪ 2021፣ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ ነው፣ ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? ግን ሁለቱ ዋና ታክሎች፣ ኤሪክ ፊሸርና ሚቸል ሽዋርትዝ፣ ተጎድተው ከሜዳ ውጭ ናቸው። ቺፍስ አንድም ታችዳውን (ኳስ እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ) ሳያገባ በታምፓ ቤይ 31 ለ 9 ተረታ። ማሆምስ በሳክ፣ ማለትም ኳሱን ሳይወረውር በተከላካይ ተይዞ፣ የወደቀው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ተከላካይ የደረሰበትና ያስጨነቀው ግን 29 ጊዜ ነው። ስለዚህ የሳክ ቁጥር ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። ያን ምሽት ሰውየው ከመወርወር ይልቅ ሲሸሽ ነው ያመሸው።

ክለቡ ምን አደረገ? ኳርተርባኩን ሳይሆን ከፊቱ የቆሙትን ቀየረ። ጆ ቱኒን በአምስት ዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ፣ ኦርላንዶ ብራውንን ከባልቲሞር አመጣ፣ በድራፍቱ ሴንተሩን ክሪድ ሀምፍሪንና ጋርዱን ትሬይ ስሚዝን መረጠ፤ ስሚዝ እንዲያውም በስድስተኛ ዙር፣ 226ኛ ሆኖ ነው የተገኘው። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ እንደገና ሱፐር ቦውል ገቡ። ተጋጣሚያቸው ኢግልስ በመደበኛው ውድድር 70 ሳክ ያስመዘገበ ቡድን ነበር። በፍጻሜው ስንት ሳክ አገኘ? ዜሮ። ማሆምስ በተጎዳ ቁርጭምጭሚት እያነከሰ 38 ለ 35 አሸነፈ።

አሁን ወንድሞችሽ ሂሳቡን ይስሩ። ተከላካዩ ቡድን 11 ሰው አለው። አራቱን ብቻ ልኮ ኳርተርባኩን ማስጨነቅ ከቻለ ሰባት ሰው ይተርፈዋል፤ ለኳስ የሚሮጡት ተቀባዮች ደግሞ ቢበዛ አምስት ናቸው። ሰባት ለአምስት፣ ማን ነፃ ይወጣል? መስመሩ አራቱን ካቆመ ግን ተከላካዩ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ሰው ጨምሮ ለመላክ ይገደዳል፣ ብሊትዝ የሚሉት እሱን ነው። እያንዳንዱ የተላከ ሰው ከኋላው ባዶ ቦታ ትቶ ነው የሚመጣው። ለእኔ ጠንካራ መስመር ቡድን ይለውጣል ማለት ይሄ ነው፦ ተጋጣሚ ለአንድ ሥራ ስንት ሰው እንደሚያወጣ የሚወስኑት አምስቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ተቀባዩ ነፃ ይሆናል፣ ማጥቃቱ ይረዝማል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ የራስ ተከላካዮችም ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጣሉ።

ሂሳቡ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ያው ቺፍስ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ አሳይቶናል። በዚያ ሱፐር ቦውል ቱኒ ያለወትሮው ከጋርድነት ወጥቶ ግራ ታክል ላይ ነበር። ኢግልስ አንድም ጊዜ ብሊትዝ ሳይልክ፣ በአራት ሰው ብቻ፣ ማሆምስን 6 ጊዜ ጣለው። ውጤቱ 40 ለ 22።

ወንድሞችሽ ግን ጨርሶ አልተሳሳቱም። ኳስ ታቅፎ የሚቆይ ኳርተርባክም አለ። በጨዋታው ላይ ኳሱ ሲነሳ በቀስታ ቁጠሪ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ሳይሞላ ከወደቀ መስመሩን ጠርጥሪ። ሦስት አልፎ አሁንም ኳሱን ይዞ የሚዟዟር ከሆነ ወንድሞችሽን ይቅርታ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ መስመር መስመር ትላላችሁ። ሲንሲናቲ ቤንግልስ በዚያ ወንፊት መስመር ሱፐር ቦውል ገብቶ የለ? ጆ ቶማስስ? ያን የመሰለ ታክል የነበረው ክሊቭላንድ መቼ አለፈለት?
(ተቃዋሚ)

መልስ፦ ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከቶማስ ልጀምር። ከ2007 እስከ 2017 ለክሊቭላንድ ብራውንስ በግራ ታክልነት 10,363 ስናፕ (ኳሱ ተነስቶ የሚጀመር አንድ ሙከራ) በተከታታይ ተጫውቷል፤ ቡድኑ ኳስ ባነሳ ቁጥር እሱ ነበር ማለት ነው። 2023 ላይ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ) ግን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አጥር አንድ ቦታ ከተሰበረ በሬው የሚገባው በዚያው ነው፤ የቀረው እንጨት ወይራ ቢሆን አይጠቅምም። ተጋጣሚ ቶማስን ምን አግብቶት ይፈትናል? ጠንካራ ሰዉን ወደ ሌላኛው ጎን ያዞረዋል፣ አለቀ። ተቀባይ አንድ ጎበዝ ካለህ ጨዋታ ሊያሸንፍልህ ይችላል። መስመር ላይ ግን የምትለካው በደካማው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ክለቦች አንድ ውድ ታክል ገዝተው የሚገርማቸው። በዚያ ላይ ክሊቭላንድ ኳርተርባክ ሲቀያይር ነው የኖረው።

ቤንግልስ ደግሞ እንዲህ ነው የሆነው። 2021 ላይ ጆ በሮው በመደበኛው ውድድር 51 ጊዜ ወደቀ። ፕሌይኦፍ ላይ ቴነሲ 9 ጊዜ ጥሎትም 19 ለ 16 አሸነፈ። ይሄ የሰው ጥንካሬ ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ሱፐር ቦውል ላይ ግን ተጋጣሚው ራምስ 7 ጊዜ ጣለው። መጨረሻ ላይ 23 ለ 20 እየተመሩ፣ አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ፣ የሚቀረው 1 ያርድ ብቻ ነው፣ አሮን ዶናልድ መስመሩን ሰብሮ ገባና በሮውን ጠምዝዞ ያዘው። በሮው እየወደቀ የወረወራት ኳስ መሬት ላይ ቀረች። በደካማ መስመር እስከዚያ ድረስ መሄድ ይቻላል፣ አልክድህም። እኔ ግን ቡድኔ በዚያ መንገድ እንዲሄድ አልመኝም፤ ልቤ አይችልም።

ጥያቄ፦ ለመስመር ትልቅ ሰውነት ብቻ ይበቃል?
(ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው)

መልስ፦ ኪሎው ግዴታ ነው፤ በኤንኤፍኤል (በአሜሪካው ሊግ) ያሉት አብዛኞቹ ከ135 ኪሎ በላይ ናቸው። ግን ኪሎ የሚያስገባህ በሩ ድረስ ነው። ቅድም ያነሳሁትን ጄርደን ማይላታን ውሰድ። አውስትራሊያዊ ነው፣ ራግቢ ነበር የሚጫወተው። 2018 ላይ ኢግልስ በሰባተኛው ዙር፣ 233ኛ አድርጎ ሲመርጠው አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ተጫውቶ አያውቅም። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ! እንዲህም ሆኖ በመደበኛ ውድድር ሜዳ የገባው 2020 ላይ ነው። እስከዚያ የመስመር አሰልጣኙ ጄፍ ስታውትላንድ እግሩንና እጁን ሲያስተምረው ነበር፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ሚዛን አለመሳት፣ እጅን ከተጋጣሚ ክንድ ውስጥ ቀድሞ ማስገባት። እጁ ከውጭ ከቀረና ማሊያ ከጎተተ ሆልዲንግ ይባልበትና ቡድኑ 10 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንተም ከእግርህ ጀምር።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ወሳኝ ከሆኑ ለምን አይሸለሙም?
(ፍትሕ ፈላጊ)

መልስ፦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለኦፌንሲቭ ላይን ተጫዋች ተሰጥቶ አያውቅም። 1982 ላይ ግን ለኳስ መቺው ማርክ ሞዝሊ ተሰጥቷል። ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ፣ ሞዝሊ የተጫወተለት ዋሽንግተን ሆግስ የሚባለው ዝነኛ መስመር ባለቤት ነበር። ያ ክለብ በአሰልጣኝ ጆ ጊብስ ሥር ሦስት ሱፐር ቦውል ሲበላ ሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነበሩት፦ ጆ ታይዝማን፣ ደግ ዊሊያምስና ማርክ ሪፒየን። ለሯጮች፣ ለተቀባዮችና ለኳርተርባኮች የሚቆጠር ያርድ አለ። ለእነዚህ የሚቆጠርላቸው ስህተት ነው። ፍትሕ ከኔ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ካሜራው ኳሱን ብቻ ነው የሚከተለው። ቤት ቁጭ ብዬ መስመሩን እንዴት ልይ?
(ጀማሪ)

መልስ፦ ኳሱ ሲነሳ ኳርተርባኩን አትይ። ለሁለት ሰከንድ ያህል ዓይንህን መሀል ላይ ካሉት አምስቱ ላይ ትከል፤ ኳሱን አታጣውም፣ ድግግሞሹን ያሳዩሃል። ሩጫ ከሆነ አምስቱ ወደ ፊት እየገፉ ነው ወይስ ወደ ኋላ እየተገፉ? ውርወራ ከሆነ ደግሞ ኳርተርባኩ ቆሞ የሚወረውርበት ቦታ ሰፊ ነው ወይስ ጠቧል? ሁለት ተከላካዮች ቦታ ተለዋውጠው አንዱ በሌላው ኋላ ዞሮ ሲገባ ታክሉና ጋርዱ ሰውዬአቸውን ይቀባበላሉ ወይስ ሁለቱም አንዱን ተከትለው ሌላውን ይለቁታል? መጥፎ መስመር መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ባንዴ ልይ ካልክ ይምታታብሃል። ሦስተኛ ሙከራ ሆኖ ሰባት ስምንት ያርድ የቀረበትን ብቻ እየጠበቅህ ጀምር፤ ያኔ ውርወራ እንደሚመጣ ሁሉም ሰው ስለሚያውቅ አምስቱ የሚደበቁበት የላቸውም።